አሮጌ የናፍጣ መኪና ሲቆራረጥ፤ ምክንያቱን ስለ መለየትና ስለ መጠገን

ከመርካቶ በስተ ምዕራብ ባለው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚነግድ ሰው፣ የሚሸጠው አጠናም ይሁን እህል፣ በርበሬም ይሁን የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ ዕቃውን የሚያመላልስበት መኪና ብዙ ጊዜ ዕድሜው የገፋ የናፍጣ መኪና ነው። አንዱ በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ፣ ሌላው በአየር ጤና በኩል ወደ ሰበታና ወደ ጅማ መንገድ ሲወጣ የሚተማመነው በዚሁ መኪና ነው። መኪናው ደኅና እስከ ሄደ ድረስ ስለ እርሱ የሚያስብ የለም። አንድ ቀን ግን ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ በድንገት ይለወጣል፤ ምት እንደ ጎደለው ሁሉ ይንገጫገጫል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ጥቂት ከሄደ በኋላ ደግሞ አንዳች እንዳልደረሰበት ይስተካከላል። ባለመኪናው ጋራዥ ባደረሰው ጊዜ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል።

እንዲህ ያለውን ጉድለት መካኒኮች «ሚስ ያደርጋል» ወይም «ይቆራረጣል» ይሉታል። ዘወትር የሚታይ ብልሽት ቦታውን ራሱ ስለሚያመለክት ለመጠገን አያስቸግርም፤ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚለው ግን መካኒኩን ወደ ግምት፣ ባለመኪናውንም ወደ ተደጋጋሚ ወጪ ይመራል። አንዱ ኖዝል ይለወጥ ይላል፤ ሌላው ፖምፓው ይፈታ ይላል፤ ሦስተኛው ሞተሩ ካልወረደ በቀር መፍትሔ የለውም ብሎ ይፈርዳል። ነጋዴው የሦስቱንም ምክር ተከትሎ ገንዘቡን ካፈሰሰ በኋላ መኪናው እንደ ቀድሞው ሲቆራረጥ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

በአሁኑ ጊዜ ይህ ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ብርቱ ታክስ ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ በኤሌክትሪክ ኃይል ከሚሄዱት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው 1 የአሜሪካ ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ዛሬ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና በሌላ መተካት አስቸጋሪ ሆኗል፤ የመለዋወጫውም ዕቃ ውድ ነው። በግምት የሚለወጥ አንድ ዕቃ የነጋዴውን የወር ትርፍ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ሞተሩ እሳቱን ከየት ያገኛል?

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጁና አየሩ አስቀድመው ተደባልቀው በካንዴላ ብልጭታ ይቀጣጠላሉ። በዚህም ምክንያት የቤንዚን መኪና ሲቆራረጥ መካኒኩ አስቀድሞ የሚመለከተው ካንዴላውንና የኤሌክትሪኩን መሥመር ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የለውም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በተግባር ያሳየው ሞተር አየሩን ብቻ አስገብቶ እጅግ አጥብቆ በመጭመቅ ያግለዋል፤ ነዳጁም በጋለው አየር ላይ ሲረጭ በራሱ ይነዳል። በቀድሞዎቹ ሞተሮች ነዳጁን እየነፋ ያስገባ የነበረው የታመቀ አየር ስለ ሆነና ለዚህም ትልቅ መሣሪያ ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ሞተሩ ለፋብሪካና ለመርከብ እንጂ ለመኪና አይመችም ነበር። የቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1927 ትንሹን የናፍጣ ፖምፓ በብዛት መሥራት ከጀመረ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ሜርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ የተባለው የናፍጣ አውቶሞቢል ለገበያ ቀረበ። በአሮጌዎቹ የቶዮታ መኪናዎች ውስጥ የሚገኙት 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤልና 1ኤችዜድ የተባሉት ሞተሮች የዚሁ የአሠራር ዘመድ ናቸው። አየሩን ከ20 እጅ በላይ ጨምቀው ያግላሉ፤ ፖምፓው በየተራው ለእያንዳንዱ ኖዝል ነዳጅ ይገፋል፤ ኖዝሉም ከ100 እስከ 150 ባር ገደማ ባለው ግፊት ተከፍቶ ነዳጁን እንደ ጉም ይበትናል።

እንግዲህ አንድ ሲሊንደር ምቱን የሚያጓድለው፣ ነዳጁ ሳይደርሰው ሲቀር ወይም ሳይበተን እንደ ውኃ ጠብታ ሲገባበት፣ አለዚያም አየሩ በሚገባ ሳይታመቅ ሲቀር፣ ወይም ነዳጁ ከሰዓቱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሲረጭ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የመጭመቅ ኃይልና የሰዓት ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ ዘላቂ ናቸው፤ ዛሬ ታይተው ነገ አይጠፉም። መጥቶ የሚሄደው ጉድለት በብዛት የሚገኘው በነዳጁ መንገድ ላይ ነው። ይህን አንድ ነገር የተረዳ ባለመኪና፣ ለአንድ ቀን መቆራረጥ ሞተሩን ሊያወርድ ከሚነሣ ሰው ጋር ለመከራከር በቂ ምክንያት አለው።

የከፍታውም ነገር

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ በውስጧ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ በአንድ ስበት የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። ፖምፓው ግን አየሩ መሳሳቱን የሚያውቅበት ልዩ መሣሪያ ካልተገጠመለት፣ የነዳጁን መጠን አይቀንስም። አሮጌ የናፍጣ መኪና በአዲስ አበባ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ማብዛቱ ከዚህ የመጣ ነው፤ ጥቁር ጭስ ብቻውን የኖዝል መበላሸት ምስክር ሊሆን አይችልም።

ከዚህ የባሰ ስሕተት የሚፈጸመው የሲሊንደሩን የመጭመቅ ኃይል በሚለኩበት ጊዜ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ ጤነኛ ሞተር 30 ባር ሊያሳይ ይገባዋል ቢል፣ ያ ቁጥር የተጻፈው በባሕር ወለል አካባቢ ላለ አየር ነው። ያው ሞተር፣ ያው ፋሻ፣ ያው ቫልቭ አዲስ አበባ ላይ ሲለካ ከ22 እስከ 23 ባር ገደማ ቢያሳይ አንዳች አልጎደለበትም። ይህን ሳያሰላስል ሞተሩ «ኮምፕሬሽን ጨርሷል» ብሎ የሚፈርድ መካኒክ፣ ጤነኛውን ሞተር አስወርዶ ባለቤቱን ለከባድ ወጪ ይዳርገዋል። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ይናገራል። ሦስቱ 23፣ 22 እና 23 ባር አሳይተው አራተኛው 15 ባር ቢያሳይ፣ ነገሩ እዚያው አራተኛው ላይ ነው። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች እኩል ዝቅ ቢሉ ደግሞ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ እንደ ሆነ ይጠረጠራል።

ከፍታው በማለዳም ራሱን ይገልጻል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሚወርድበት ጊዜ፣ ስሱና ቀዝቃዛው አየር ተጨምቆም እንደሚገባው አይግልም። ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ካልሠሩ ሞተሩ በነጭ ጭስ ተሸፍኖ ይንተፋተፋል፤ ከሞቀ በኋላ ይስተካከላል። ይህ ዓይነቱ መቆራረጥ በጣም ቀላሉ ነው። እያንዳንዱ ማሞቂያ ካንዴላ ሽቦው ተፈትቶ በቴስተር ይለካል፤ ጤነኛው ወደ 1 ኦም የተጠጋ ተቃውሞ ሲያሳይ የተቃጠለው ምንም አያስተላልፍም። የተቃጠሉትን መለወጥ ይበቃል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ለሚመጣ መቆራረጥ ግን ማሞቂያ ካንዴላ መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው።

ከመፍታት በፊት መጠየቅ

ጥሩ መካኒክ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል። «ጋሼ፣ ሲቆራረጥ መኪናው ጭኖ ነው ወይስ ባዶውን? ነዳጅ ከቀዱ በኋላ ነው ወይስ ሊያልቅ ሲል? ቆም ብለው ሲያስነሡት ይተዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት፣ ሳይጠይቅ ኖዝል ከሚፈታው አንጋፋ ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። ባለመኪናው በበኩሉ መልሱን ይዞ መገኘት አለበት። ሾፌሩ አንዲት ትንሽ ደብተር መኪናው ውስጥ አስቀምጦ የተቆራረጠበትን ቀን፣ ቦታ፣ ጭነትና የጭሱን ቀለም ቢጽፍ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩ የብልሽቱን ግማሽ ይናገራል።

በተለይ አንድ ልዩነት ተጠንቅቆ ሊታይ ይገባዋል። አንድ ሲሊንደር ብቻ ምቱን ሲያጓድል ሞተሩ በእኩል ልክ እየተንገጫገጨ ይሄዳል፤ ጉልበቱ ይቀንስ እንጂ አይጠፋም። ሁሉም ሲሊንደሮች ባንድነት ሲደክሙ ግን ሞተሩ እንደሚታነቅ ሰው ይሆናል፤ ጉልበቱ ይወርዳል፤ ፔዳሉ ቢረገጥም አይሰማም። የመጀመሪያው ወደ ኖዝልና ወደ ሲሊንደሩ ያመለክታል፤ ሁለተኛው ወደ ፊልትሮው፣ ወደ ቱቦውና ወደ ነዳጁ ማጠራቀሚያ ወደ ሰልባትዮው ያመለክታል። ሦስተኛም አለ፤ ሞተሩ ኮረኮንች ላይ ሲንጎዳጎድ እንደ መብራት ጥፍት ብሎ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ፣ በፖምፓው ላይ ያለው የናፍጣ መክፈቻና መዝጊያ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሽቦ ላልቷል ማለት ነው። ይህን ለመጠገን አንድ የሽቦ ጫፍ ጠርጎ ማጥበቅ ብቻ ይበቃል።

ሞተሩ የተቀመጠበት ጎማ ተቀዶ እንደ ሆነም መመርመር ይገባል። በሚኒሞ ጊዜ መኪናውን ሁሉ የሚያርገፈግፍ ቁርጥ ጎማ፣ ለማያስተውል ሰው ሞተሩ የተቆራረጠ ያስመስለዋል።

አየር፤ ዋናው ጠላት

ምሳሌ ለመስጠት ያህል፣ ከአጠና ተራ አጠናና ቀርከሃ እየጫነ ወደ ሰበታ የሚያመላልስ፣ ባለ 2ኤል ሞተር አሮጌ ሂሉክስ ያለው ነጋዴ ይታሰብ። መኪናው ባዶውን ሲሄድ ጤነኛ ነው። ጭኖ ዳገት ሲጀምር፣ ይልቁንም ሰልባትዮው ሲጎድል፣ ይታነቃል። ቆሞ አምስት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ይነሣል። አራቱም ኖዝሎች ተለወጡ፤ ለውጥ የለም። ፖምፓው ተፈትቶ ተሠራ፤ ለአንድ ሳምንት ደኅና የሆነ መሰለና ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ባለመኪናው ሞተሩ አርጅቷል ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ነገር ግን የነገሩት ምልክቶች በሙሉ የሚያመለክቱት ከፖምፓው በስተ ኋላ ወዳለው መንገድ ነው።

ከሰልባትዮው እስከ ፖምፓው ያለው ቱቦ ነዳጁን የሚያመጣው በመሳብ ነው። ስለዚህ በዚህ መሥመር ላይ ቀዳዳ ቢኖር ነዳጅ ወደ ውጭ አይፈስም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ባለመኪናው መሬት ላይ ጠብታ ፈልጎ ያጣል፤ ቱቦው ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ደኅና ነው ይላል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ነዳጅ ቢጨመቅ መጠኑን ያን ያህል አይቀንስም፤ አየር ግን እንደ ስፖንጅ ይታመቃል። በመሆኑም በነዳጁ መካከል የገባች አረፋ ከፖምፓው ስትደርስ፣ ፖምፓው ይገፋታል እንጂ ኖዝሉን የሚከፍት ግፊት አያገኝም፤ ያ ሲሊንደር ምቱን ይዘላል። አረፋዋ ካለፈች በኋላ ሞተሩ ይስተካከላል። ጭነት ሲበዛ ደግሞ ፖምፓው አብዝቶ ስለሚስብ አየሩም አብሮ ይበዛል።

ይህን ለመመርመር ከአንድ ክንድ የማይበልጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ናፍጣ የማያቀልጠው የፕላስቲክ ቱቦ በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል በአሮጌው ቱቦ ፈንታ ይገጠማል። ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ በውስጡ የሚያልፈው ነዳጅ ጥርት ብሎ መታየት አለበት። አረፋ ያለማቋረጥ ቢታይ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። የሚቀረው ቦታውን መፈለግ ነው፤ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የእጅ ፖምፓ ጎማ፣ ከፊልትሮው ሥር ያለው የውኃ ማውጫ ማኅተም፣ በሰልባትዮው ውስጥ ዝጎ የተበሳ የመሳቢያ ብረት። ይህ የመጨረሻው በተለይ ሰልባትዮው ሲጎድል ብቻ የሚቆራረጥ መኪና ላይ ይጠረጠራል፤ ነዳጁ ከቀዳዳው በላይ ሳለ አየር አይገባም፤ ሲወርድ ይገባል።

አረፋ ባይታይና ሞተሩ ቢታነቅስ? ያን ጊዜ መንገዱ ተዘግቷል። ለዚህ ሁለተኛ ፍተሻ አለ። ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ ብሎ ይታሰርና የፖምፓው መሳቢያ ቱቦ ከዚያ እንዲስብ፣ የመመለሻውም ቱቦ ወደዚያው እንዲመለስ ይደረጋል። መኪናው በዚህ ሁኔታ ተጭኖ ዳገት ሳይቆራረጥ ከወጣ፣ ኖዝሉም ፖምፓውም ንጹሓን ናቸው፤ ጥፋቱ ከበስተ ኋላ ነው። ፊልትሮው ሊሆን ይችላል። የሰልባትዮው ክዳን የአየር መግቢያ በጭቃ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከሆነ መኪናው ሲታነቅ ክዳኑን ሲከፍቱት «ፍስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ መኪናውም ወዲያው ይድናል። አለዚያም በሰልባትዮው ውስጥ የቀረ ቁራጭ ጨርቅ ወይም የዝገት ቅርፊት በመሳቢያው አፍ ላይ እየተለጠፈ፣ ሞተሩ ሲጠፋ እየወደቀ ሊሆን ይችላል። ቆሞ ሲያርፍ የሚድን መኪና ብዙውን ጊዜ ታሪኩ ይህ ነው።

የኢትዮጵያ ናፍጣ በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ከማደያው በቀጥታ የሚቀዳ ሰው የሚደርስበት አደጋ ጥቂት ነው። ናፍጣን በበርሜልና በጀሪካን አከማችቶ የሚጠቀም ሰው ግን ከነዳጁ ጋር ውኃም ይገዛል፤ በርሜሉ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥበት ጠል ሆኖ ይወርዳልና። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል። ስለዚህ ከበርሜል የሚቀዳ ሁሉ የመሳቢያውን ቱቦ ከበርሜሉ ወለል አንድ ጋት ከፍ አድርጎ መያዝ፣ የፊልትሮውንም የውኃ ማውጫ በየሳምንቱ መክፈት አለበት።

ሲሊንደሩን ስለ መለየት

የነዳጁ መንገድ ንጹሕ ሆኖ ሳለ አንድ ሲሊንደር ምቱን የሚያጓድል ከሆነ፣ የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቅበት የቆየ ዘዴ አለ። ሞተሩ ተነሥቶ በሚኒሞ ሳለ፣ ወደ እያንዳንዱ ኖዝል የሚሄደው የብረት ቱቦ ዳዶ በየተራው ግማሽ ዙር ያህል ይላላል። ዳዶው ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ከወረደ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር፤ ምንም ካልተለወጠ ግን በሽተኛው እርሱ ነው። ይህ ፍተሻ የሚጠቅመው ሞተሩ እየተቆራረጠ ሳለ ሲደረግ ብቻ ነው፤ ጤነኛ በሆነበት ሰዓት አራቱም እኩል ይመልሳሉ።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ይህ ዘዴ ለአሮጌዎቹ መካኒካዊ ፖምፓዎች ብቻ ነው። ኮመን ሬል በተባሉት በኋለኞቹ ሞተሮች ውስጥ ነዳጁ ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚጠበቅ፣ እነዚያን ቱቦዎች ሞተሩ ሲሠራ ማላላት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የሚፈናጠረው ነዳጅ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቁስሉ ከላይ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም ሳይውል ሳያድር ቀዶ ጥገና የሚጠይቅ ነው። በአሮጌዎቹም ቢሆን ዓይን በመነጽር ሊሸፈን፣ እጅም ከሚረጨው ነዳጅ ሊርቅ ይገባል።

በሽተኛው ሲሊንደር ከታወቀ በኋላ አዲስ ኖዝል ከመግዛት በፊት የእርሱን ኖዝል ከጎረቤቱ ጋር ማቀያየር ነው። ጉድለቱ ከኖዝሉ ጋር ወደ ጎረቤቱ ከተሻገረ ጥፋቱ የኖዝሉ ነው። ባለበት ከቀረ ደግሞ ሲሊንደሩ ይለካል፤ የቫልቩም ክፍተት ይታያል። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ሞተሩ ሲሞቅ በሚገባ ስለማይዘጋ፣ ሲቀዘቅዝ ጤነኛ ሆኖ ሲሞቅ ብቻ የሚቆራረጥ ሞተር ይህን ያመለክታል። ያረጀ ፖምፓም በሙቀት ጊዜ ይከዳል፤ ናፍጣው ሲግል ስለሚቀጥን በተበላው ብረት መካከል ያመልጣል፤ ሞተሩም ሞቆ ከጠፋ በኋላ አልነሣም ይላል። ፖምፓው ላይ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ሲደረግለት ከተነሣ፣ ያን ጊዜ ስለ ፖምፓው ማውራት ይቻላል።

ኖዝል ተፈትቶ ሲመለስ ከሥሩ ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች በአዲስ መለወጥ አለባቸው። አንድ ጊዜ የተጨፈለቀ ሮንዴላ ደግሞ በሚገባ አይደፍንም፤ የታመቀው አየር ጎን ለጎን ያመልጣል፤ ባለመኪናውም ሌላ መቆራረጥ ይዞ ይሄዳል። ዋጋው እጅግ አነስተኛ የሆነ ዕቃ ለመቆጠብ ሲባል ሙሉ ሥራ ሲበላሽ ይታያል።

ለአስመጪውና ለባለሱቁ

በመርካቶ ሶማሌ ተራና በኮልፌ አካባቢ መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴዎች ከዚህ ጉዳይ ጋር የቅርብ ግንኙነት አላቸው። ገዢው ቀርቦ «የሂሉክስ ኖዝል» ብሎ ሲጠይቅ፣ ባለሱቁ በመኪናው ስም ብቻ አውጥቶ መስጠት የለበትም። ሂሉክስ በሚል ስም ብቻ 2,446፣ 2,779 እና 2,986 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆኑ ሦስት የተለያዩ የናፍጣ ሞተሮች ገብተዋል። በኖዝሉ አካል ላይ የተቀረጸው ፊደልና ቁጥር ሊነበብ ይገባዋል። በዲ.ኤን. የሚጀምሩት በቅድመ ክፍል ውስጥ ለሚረጩ ለአሮጌዎቹ ሞተሮች ሲሆኑ፣ በዲ.ኤል.ኤል.ኤ. የሚጀምሩት በቀጥታ በፒስተኑ ራስ ላይ ለሚረጩት ናቸው። ከአራቱ ኖዝሎች አንዱ የተለየ ቁጥር ያለው ቢሆን፣ ሞተሩ አዲስ ዕቃ ተገጥሞለት ሳለ ከቀድሞው የባሰ ይንገጫገጫል፤ ገዢውም ባለሱቁን አታላይ ይለዋል።

አስመጪውም ቢሆን ብዙ ገንዘብ በፖምፓ ላይ ከማሰር ይልቅ፣ ናፍጣ የሚቋቋም የጎማ ቱቦ፣ የቱቦ ማሰሪያ፣ የመዳብ ሮንዴላ፣ የእጅ ፖምፓ ጎማና ጥሩ ፊልትሮ በበቂ መጠን ቢይዝ ዕቃው ቶሎ ይዞርለታል። ስለ ፊልትሮ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በርካሽ የሚመጣው ፊልትሮ ከውጭ ሲታይ ከዋናው አይለይም፤ ተቆርጦ ሲከፈት ግን የወረቀቱ እጥፋት ጥቂት፣ ሙጫውም የሳሳ ሊሆን ይችላል። የሚያሳልፈው ደቃቅ አሸዋ ለዓይን አይታይም፤ በፖምፓውና በኖዝሉ ውስጥ ያሉት ብረቶች ግን እርስ በርሳቸው የተስማሙት ከጥቂት የሚሊ ሜትር ሺኛ ክፍሎች በማይበልጥ ክፍተት ስለ ሆነ ይፋጫሉ። ከጭነቱ አንዱን ፊልትሮ በመጋዝ ቆርጦ ማየት ለአስመጪው የአንድ ፊልትሮ ኪሳራ ብቻ ነው።

ጥገናው ካለቀ በኋላ መኪናው ጋራዥ በር ላይ በሚኒሞ ተሞክሮ መረከብ የለበትም። ቀድሞ በተቆራረጠበት ሁኔታ፣ በዚያው ጭነት፣ በዚያው ዳገት፣ የሰልባትዮውም ነዳጅ እንደዚያን ጊዜው ጎድሎ መሞከር አለበት። በጅማ መንገድ የሚሠራ መኪና፣ ከአዲስ አበባ ከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው ከግቤ በረሃ ጭኖ ሲወጣ ካልታነቀ ድኗል ሊባል ይችላል። ብርሃን የሚያሳልፈው ቱቦ እስከዚያ ድረስ ባለበት ይቆይና፣ ከዚያ በኋላ ወጥቶ በጠንካራ የጎማ ቱቦ ይተካል፤ ከሞተሩ አጠገብ ላለው ሙቀት ለዘለቄታው የሚሆን ዕቃ አይደለምና።